ሰሎሜን ማን አዘዛት?

በክርስቶስ የተወደዳችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እንኳን እመቤታችን በስደቷ ከልጇ ጋር ላረፈችበት ለደብረ ቁስቋም በዓል በሰላም አደረሳችሁ።

ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ድረስ የእመቤታችንን ስደት ስናስብ ቆየን። በየሳምንቱ ሌሊት ማኅሌት ቆምን፤ በጽናጽልና በከበሮ አበባውንና ፍሬውን እያመሰገንን ነጋልን። እኔ ግን ዘንድሮ ይህን የአበባ ወር፣ ወርኃ ጽጌን፣ የጨረስሁት ልቤ አዝኖ ነው። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

በጥቅምት መጀመሪያ አንድ እሑድ፣ አራት ኪሎ አካባቢ ካለ አንድ ደብር ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ ይወጣል። ከቅጥሩ ሥር አንዲት እናት ካርቶን አንጥፋ ተቀምጣ ሕፃን ታጠባለች። ነጠላዋን ያጣፋች አንዲት ምእመን ቦርሳዋን ከፈተች፤ ብር አወጣችና ጎንበስ ብላ «ከየት ነው የመጣሽው?» አለቻት። እናቲቱ የመጣችበትን ነገረቻት። ሴትዮዋ እጇን እንደዘረጋች ጥቂት ቆየች። ከዚያ ብሩን አጣጥፋ ወደ ቦርሳዋ መለሰችው።

የአገሩን ስም አልጽፍም። ብጽፈው ከመካከላችን «እነርሱማ…» ብሎ የሚጀምር አይጠፋም። እኔም ጥቂት ራቅ ብዬ ቆሜ ሁሉን አይቻለሁ፤ አፌን አልከፈትሁም። ይህን ለንስሓ አባቴ ነግሬያቸዋለሁ። ለእናንተ የምጽፈውም ከዚያ በኋላ ነው።

መልአኩ ዮሴፍን ያለውን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፤ «ሄሮድስ ሕፃኑን ሊገድለው ይፈልገዋልና ተነሣ፥ ሕፃኑንና እናቱንም ይዘህ ወደ ግብፅ ሽሽ» (ማቴ. 2፥13)። ወንጌላዊው ቀጥሎ የወጡት «በሌሊት» እንደሆነ ይነግረናል። በሌሊት የሚወጣ ሰው ምን ይዞ ይወጣል? ጎረቤት አይሰናበትም፤ የተቦካው ሊጥ እንደተቦካ ይቀራል፤ ልጅ ከእንቅልፉ ሳይነቃ ይታቀፋል። በመተማና በኩርሙክ በኩል ከሱዳን የገቡትን፣ በገዛ አገራችንም ከቀያቸው የተፈናቀሉትን ጠይቋቸው፤ «በሌሊት» የምትለዋን ቃል ከእኛ ይልቅ እነርሱ ይተረጉሟታል።

ትውፊታችን በዚህ ጉዞ አራተኛ ሰው አለች ይለናል፤ ቅድስት ሰሎሜ። በልጅነቴ ሳያት ያደግሁት ሥዕል ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ በአህያ ላይ ተቀምጣለች፤ ዮሴፍ በትሩን ይዞ ይመራል፤ ሰሎሜ ስንቁን ተሸክማ በእግሯ ትከተላለች። ልጅ ሳለሁ አሽከር ትመስለኝ ነበር።

አሁን ሳስበው ልቤ ይነካል። ሄሮድስ የፈለገው ሕፃኑን ነው። እናት ልጇን ተከትላ መሄዷ ግድ ነው። ዮሴፍን መልአክ አዞታል። ሰሎሜን ማን አዘዛት? እርሷን የሚፈልግ ወታደር አልነበረም። በሯን ዘግታ ብትተኛ ማንም አይነካትም፤ በማግስቱም ከጎረቤቶቿ ጋር «አቤት፣ ያሳዝናሉ» ብላ ከንፈሯን መምጠጥ ትችል ነበር። እርሷ ግን የሌላውን ስደት ስደቷ አድርጋ ሦስት ዓመት ከስድስት ወር ተንከራተተች።

እኛስ? ጦርነት ሲነሣ ከንፈር መምጠጡንም ትተን እልል የምንል ሆነናል። የሰሜኑ ጦርነት የተጀመረው ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው፤ የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ሁለቱም በወርኃ ጽጌ! የእናትና የልጅን ስደት በምንዘምርበት ወር እናቶችና ልጆች ተሰደዱ። የካርቱም ተኩስ የተከፈተው ደግሞ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው፤ ቀዳም ሥዑር። «ገብረ ሰላመ በመስቀሉ» (በመስቀሉ ሰላምን አደረገ) እየተባለ ቄጠማ በራሳችን ባሰርንበት ዕለት ማለት ነው።

በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ስልኩን ከፍቶ «ይህን ያህል ተደመሰሱ» እያለ ፊቱ የሚያበራ ወንድም አይቻለሁ። ወንድሜ ሆይ፣ ካህኑ «ሰላም ለኵልክሙ» ሲሉ በዚያው አንደበትህ «ምስለ መንፈስከ» ትላለህን? ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ በአምኃ ቅድሳት» (በተቀደሰ ሰላምታ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ) ሲል ወደ ቀኝህና ወደ ግራህ ትሰግዳለህ፤ በቀኝህ የቆመችው እናት የዚያ «የተደመሰሰው» እናት ብትሆንስ? ራሔል ስለ ልጆቿ ባለቀሰች ጊዜ «መጽናናትም አልወደደችም፥ የሉምና» ተባለ እንጂ ልጆቿ የማን ወገን እንደነበሩ አልተጻፈም።

«ስደተኛው የእኛ እምነት ባይሆንስ?» የሚለኝ አለ። ጌታን ያስጠለለችው ግብፅ የእስራኤልን አምላክ የምታመልክ አልነበረችም።

ብዙ ተቆጣሁ መሰለኝ። ያጽናናኝንም ልንገራችሁ። ያቺን እናት ከቅጥሩ ሥር ያነሷት በየወሩ በ21 በየተራ እየደገሱ የእመቤታችንን ጽዋ የሚጠጡ ሴቶች ናቸው። የፒያሳ ሰዎች ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ እድራቸው ተበተነ፤ ጽዋቸውን ግን አልተዉም። ዛሬ ከየኮንዶሚኒየሙ ሁለት ሦስት ታክሲ እየቀያየሩ ይገናኛሉ። ከመካከላቸው አንዷ ካሏት ሁለት ክፍሎች አንዱን ለቀቀችላት። ከየት እንደመጣች መጀመሪያ አልጠየቋትም፤ መጀመሪያ የጠየቋት «ልጅቷ ክርስትና ተነሥታለች?» ብለው ነው። አልተነሣችም ነበር። በመንገድ የተወለደች ናት፤ ሰማንያ ቀኗ ካለፈ ሰንብቷል።

ባለፈው ሳምንት ተጠመቀች። ክርስትና እናቷ በነጭ ነጠላ ጠቅልላ ስታቅፋት፣ ማዕተቡ ከአንገቷ ሲታሰር፣ እናቲቱ ጥግ ይዛ አለቀሰች። ከጥምቀቱ በኋላ ድፎ ተቆርሶ ቁጭ ባልንበት፣ አንገቷን ደፍታ «ጽዋው ለእኔ የሚደርሰኝ መቼ ነው?» አለች። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። የራሷ ድስት እንኳ የላትም።

የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው፣ ደብተራቸውን ገልጠው ስሟን ጻፉ። «የጥር 21 ያንቺ ነው፣ ልጄ» አሏት።