የነዳጅ ፊልትሮ ምንድን ነው? በስንት ኪሎ ሜትርስ ይቀየራል?

የነዳጅ ፊልትሮ ከታንከሩ እስከ ሞተሩ ባለው የነዳጅ መስመር ላይ የሚቀመጥ ማጣሪያ ነው። ከውጭ ሲታይ የቆርቆሮ ወይም የፕላስቲክ ዕቃ ነው፤ ውስጡ እጥፍጥፍ ተደርጎ የተጠቀለለ ልዩ ወረቀት አለ። ነዳጁ በወረቀቱ ሲያልፍ ዝገቱ፣ አቧራውና ደለሉ እዚያው ይቀራል። የናፍጣ መኪና ላይ ሁለተኛ ሥራም አለው፤ ውሃ ይለያል። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ፊልትሮው ግርጌ ይጠራቀምና ከሥር ባለችው ማፍሰሻ እስኪያወጡት ድረስ ይቆያል።

የሚያስቀረው ቆሻሻ በዓይን የሚታየውን ብቻ አይደለም። ኮመን ሬል የሚባሉት አዳዲስ የናፍጣ ሞተሮች ነዳጁን ከ1,500 ባር በሚበልጥ ግፊት ነው የሚረጩት፤ ነዳጁ የሚረጭበት ኖዝል ቀዳዳው ከፀጉር ውፍረት ብዙም አይሰፋም። በዚህ ግፊት ላይ ዓይን የማያየው ጠጣር ብናኝ ነዳጁን የሚገፋውን ፖምፓም ኖዝሉንም እየፋቀ ይጨርሳቸዋል። የኖዝልና የፖምፓ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ የገዛ ያውቀዋል። ፊልትሮ ከዚያ አንጻር ኢምንት ነው።

በስንት ኪሎ ሜትር ይቀየር ለሚለው ለሁሉም የሚሆን አንድ ቁጥር የለም። ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚያዋህድ ዕቃ) ያላቸው የድሮ ቤንዚን መኪኖች ላይ ያለችው ትንሿ ግልጽ ፕላስቲክ ዋጋዋም ርካሽ፣ ሥራዋም ቀላል ስለሆነ በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ መለወጥ ነው፤ ስትጠቁር ራሷ ታስታውቃለች። ኢንጀክሽን ሆነው፣ ማለትም ቤንዚኑ በግፊት እየተረጨላቸው፣ ፊልትሯቸው ከታንከር ውጭ ያለ ቤንዚን መኪኖች እንደ ፋብሪካው መመሪያ ብዙውን ጊዜ ከ30,000 እስከ 60,000 ያስኬዳሉ። እንደ ቪትዝ ባሉት ደግሞ ፊልትሮው ታንከሩ ውስጥ ከፖምፓው ጋር ነው ያለው፤ ለዚህኛው 80,000ና ከዚያ በላይ የሚል መመሪያ አለ፣ ጭራሽ ጊዜ የማይቆርጥለትም አለ። የናፍጣ መኪኖች መመሪያ እንደ ሞዴሉ 20,000፣ 30,000 ወይም 40,000 ይላል።

እኔ የምለው ግን መመሪያው ላይ ያለው ቁጥር ጣሪያ ነው። የተጻፈው ንጹሕ ነዳጅ እየቀዳ ለስላሳ መንገድ ላይ ለሚሄድ መኪና ነው። አብዛኛው መመሪያ ስለ ከባድ አጠቃቀም በሚያወራበት ክፍል፣ አቧራ፣ ዳገት፣ ጭነትና ጥራቱ የወረደ ነዳጅ ካለ ጊዜውን አሳጥሩ ይላል፤ ያንን ገጽ የሚያነብ ግን ጥቂት ነው። ደሴና ኮምቦልቻ መካከል የሚመላለስ ሚኒባስ ወይም ወደ ባቲ የሚወርድ አይሱዙ ከእነዚህ የቱ ይጎድለዋል? ስለዚህ ለናፍጣ መኪና በየ10,000 ቀይሩ። ዘይት በየ5,000 የሚቀይር ሰው በሁለት ዘይት አንድ ፊልትሮ ማለት ነው፤ ለማስታወስም ይቀላል። ከታንከር ውጭ ላለ የቤንዚን ፊልትሮ 20,000 ይበቃል። ብዙ የማይነዳ መኪናም ቢሆን ኪሎ ሜትሩ አልሞላም ተብሎ ከሁለት ዓመት በላይ አይቆይ።

ይህን ያህል ማሳጠር ለምን አስፈለገ? ነዳጁ ከጅቡቲ በቦቴ ተጭኖ በረሃውን አቋርጦ ነው የሚደርሰን፤ ከቦቴ ወደ ማደያ፣ ከማደያ ወደ መኪና ሲገለበጥ በየመሀሉ የሚጨመርበት ነገር አይጠፋም። ቦቴ ሲያራግፍ ማደያው ታንከር ግርጌ የተኛው ደለል ይታወካል። እያራገፈ ካገኛችሁት ሌላ ጉዳያችሁን ጨርሳችሁ ተመለሱ። ነዳጅ የሚጠፋ ሰሞን ደግሞ ሰው አማራጭ ሲያጣ ከጀሪካን ይቀዳል፤ ያ ጀሪካን ከዚያ በፊት ዘይት ይያዝ ውሃ የሚያውቅ የለም። እንዲህ ባለ ወቅት የሠራ መኪና 10,000ውንም ባይጠብቅ ደስ ይለኛል።

የአየሩም ነገር አለ። ኮምቦልቻ ቀኑን በሙቀት ውሎ ማታ ደሴ ብርድ ላይ የሚያድር መኪና ታንከሩ ግማሽ ባዶ ከሆነ፣ በባዶው በኩል ያለው አየር እርጥበቱን ጤዛ አድርጎ ግድግዳው ላይ ይለቀዋል፤ ያ ጤዛ ወርዶ ከነዳጁ ሥር ይተኛል። በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ማታ ሞልቶ ማሳደር ይህን ይቀንሳል።

ፊልትሮ ሲደፈን መጀመሪያ የሚያሳብቅበት ዳገት ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያች መንገድ ግን ወደ 600 ሜትር ከፍታ ይወጣል። መኪናው የሐረጎን ዳገት ሲይዝ ሞተሩ ነዳጅ አብዝቶ ይጠይቃል፣ የተደፈነው ወረቀት ደግሞ የሚያሳልፈው የተወሰነ ነው። መጀመሪያ ደህና ይስባል፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ይዝላል፤ ማርሽ ቢቀንሱለትም እንደ ወትሮው አይነሣም፤ ነዳጅ መስጫውን ለቀቅ አድርገው ትንሽ ሲታገሡት እንደገና ነፍስ ይዘራል፣ ሲረግጡት ደግሞ ይመለስበታል።

ብዙ ሾፌር ይህንን «ደጋ ስለገባን ነው» ብሎ ያልፈዋል። እርግጥ ከፍታ ጉልበት ይቀንሳል። ቱርቦ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ ዕቃ) የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ያጣል፤ ከኮምቦልቻ ደሴ ሲወጣ 6 በመቶ ግድም መሆኑ ነው። ሁለቱን መለየት ግን ይቻላል። ከፍታ የሚያመጣው ድካም ነዳጅ መስጫ ስለለቀቁ አይመለስም፤ ደሴ ከተማ ውስጥም እንዳለ ይቀጥላል። ናፍጣ መኪና ከሆነ ጭሱንም እዩ። አየር ያነሰው ሞተር ጥቁር ጭስ ያበዛል። ነዳጅ ያነሰው ግን ጉልበቱን እያጣ ጭሱ አይጠቁርም። ይህችን አንድ ምልክት የያዘ ሰው ብዙ አላስፈላጊ ወጪ ይተርፈዋል።

በዚህ ላይ ቁልቁለቱና ሜዳው ያታልላሉ። መኪናው ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ነዳጅ የሚጠይቀው ትንሽ ስለሆነ ምንም አይታይበትም። ጋራዡ ደርሶ ሜዳ ላይ አንድ ዙር ተነድቶ ሲመለስ «ደህና ነው» ይባላል። ከዚያ ኖዝል ይፈታል፣ ፖምፓ ይጠረጠራል። ጥሩ መካኒክ አስቀድሞ የሚጠይቀው ሌላ ነው።

«ጋሼ፣ ፊልትሮው መቼ ነው የተቀየረው?»

«ኧረ እኔ እንጃ ልጄ፣ ስገዛው ተቀይሮ ነበር መሰለኝ።»

እንዲህ ያለ መልስ ካለ ምርመራው ከፊልትሮው ይጀመር።

ናፍጣ የምትነዱ ሰዎች በሁለት ቅያሪ መካከል ውሃውን አፍስሱ። የሚሻለው ጊዜ ጠዋት ነው፤ ሌሊቱን ውሃው ወደ ታች ስለሚወርድ ሞተር ሳይነሣ በፊት ማፍሰሻዋን ላላ አድርጎ በአምቦ ውሃ ፕላስቲክ መቀበል ነው። ፕላስቲኩን ከፍ አድርጋችሁ ብርሃን ላይ ያዙት። ንጹሕ ናፍጣ ከሆነ ወጥ ቢጫ ሆኖ ያሳልፋል። ውሃ ካለ ከታች ለብቻው ይተኛል፤ በመሀል ያለው መስመር ጥርት ብሎ ይታያል፤ ፕላስቲኩን ብታዘነብሉት መስመሩ አብሮ ያዘነብላል። ንጹሕ ናፍጣ መምጣት ሲጀምር ዝጉት። በወር አንድ ጊዜ ይበቃል፤ ከጀሪካን የቀዳ መኪና ግን በማግስቱ ያድርገው። ዳሽቦርድ ላይ የፊልትሮ ምልክት የሚበራባቸው መኪኖችም ብዙውን ጊዜ የሚሉት ውሃ ሞላ ነው። ያንን መብራት እያዩ አዲስ አበባ ድረስ መንዳት በፖምፓ መፍረድ ነው፤ የናፍጣ ፖምፓ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ስለሆነ ውሃ ሲገባበት ይደርቃል፣ ይዝጋል።

አጥብቄ የምቃወመው አንድ ልማድ አለ። አሮጌውን ፊልትሮ በቤንዚን አጥቦ፣ በኮምፕሬሰር ነፍቶ መልሶ ማሰር። መኪናው በርግጥ ለጊዜው ይሻለዋል፣ ለዚህም ነው ልማዱ ያልጠፋው። ግፊቱ ግን የወረቀቱን ዓይኖች ያሰፋቸዋል፣ አንዳንዴም ይቀድዳቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ፊልትሮ ለስሙ ነው፣ ቆሻሻው ወደ ኖዝል ያልፋል። የአንድ ፊልትሮ ዋጋ ለማትረፍ ተብሎ ሞተር አይሰጥም።

አዲሱ ሲታሰር ላዩ ላይ ያለው ቀስት ወደ ሞተሩ ይዙር፤ ጎሚኒው በናፍጣ ይራስ። ኮመን ሬል ከሆነ አዲሱን ፊልትሮ ከጆግ ናፍጣ ሞልተው አይሰሩት፤ ያልተጣራው ነዳጅ በቀጥታ ንጹሑ ወገን ይገባል። በእጅ ፖምፓው እየገፉ አረፋው እስኪጠፋ አየሩን ማስወጣት ነው። ቤንዚን መኪና ላይ መስመሩ ግፊት ስላለበት ሳይተነፍስ አይፈታ፣ እሳትና ሲጋራ አጠገቡ አይድረስ።

አሮጌውን ፊልትሮ ደግሞ እዚያው አስቆርጣችሁ ወረቀቱን ዘርግታችሁ እዩት። ቀላ ያለ ዱቄት ከበዛበት ታንከሩ ዝጓል። ጥቁርና የሚያሟልጭ ነገር ከሆነ ውሃና ናፍጣ የሚገናኙበት ላይ የሚራባ ተህዋስ ነው፤ ውሃው ብዙ ቆይቷል ማለት ነው። በሁለቱም ታንከሩ ወርዶ ይታጠብ፤ አለዚያ አዲሱ ፊልትሮ 10,000 ሊደርስ ቀርቶ ቶሎ ይደፈናል።