የማዘግየት መከላከል ምንድን ነው?

መሬት ሰጥቶ ጊዜ መውሰድ ነው። ጦሩ አንድ መስመር ይይዝና የሚመጣውን ኃይል ከሩቅ ይተኩስበታል፤ ከመንገድ እንዲወርድ፣ እንዲበተን፣ መድፉን እንዲያጠምድ ያስገድደዋል። ከዚያ ጨበጣ ውስጥ ሳይገባ ወደተዘጋጀው ሁለተኛ መስመር ያፈገፍጋል። አጥቂው አሰላለፉን እስኪያስተካክል ሰዓታት ያልፋሉ፤ የሚፈለጉትም እነዚያ ሰዓታት ናቸው። ስለዚህ ትእዛዙ ሰዓት ሊኖረው ይገባል፦ «ጠላት እስከ ነገ ምሽት 12 ሰዓት ወንዙን እንዳይሻገር»። ሰዓት ያልተነገረው አዛዥ ወይ ቶሎ ይለቃል፣ ወይ እስኪከበብ ይቆያል።

ለባህር ዳር ሰው የጎንደርን መንገድ ማሰብ ይበቃል። አባይን ተሻግሮ ሐሙሲት ሲያልፍ ጉማራ፣ ወረታን ሲያልፍ ርብ አለ፤ ሁለቱም ጣና ይገባሉ። በክረምት የፎገራ ሜዳ ውሃ ይተኛበታል፤ ከባድ ተሽከርካሪ ከአስፋልቱ ቢወርድ ይሰምጣል። እንዲህ ባለ ጊዜ መሻገሪያውን የያዘ ትንሽ ኃይል ረጅም ሰልፍ ያቆማል። በመጋቢት ግን ወንዙ ይሳሳል፣ ጭቃው ይደርቃል፤ ድልድዩን ትቶ በጎን መሻገር ይቻላል። ካርታ ላይ ሰማያዊ መስመር አይቶ «ወንዝ አለ» ብሎ መተማመን የጀማሪ ስህተት ነው።

በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው ርቀትም ይሰላል። አጥቂው መድፉን ከቦታው ሳያነሳ ሁለተኛውን መስመር መምታት ከቻለ ማፈግፈጉ ከንቱ ነው። የ105 ሚሊ ሜትር መድፍ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ይተኩሳል፤ እግረኛ ደግሞ በሰዓት ቢበዛ 4 ኪሎ ሜትር ነው የሚጓዘው። መኪና የሌለው ጦር እንግዲህ በጨለማ መነሳት አለበት።

ከሁሉ የሚከብደው መልቀቁ ነው። የመውጫው መንገድ አስቀድሞ በቀን በእግር ይታያል፤ በየመታጠፊያው መንገድ መሪ ይቆማል። ቁስለኛና ከባድ መሣሪያ ቀድሞ ይወጣል። ሲሶው ከመትረየሶቹ ጋር ቀርቶ ሲተኩስ ሌላው ይሄዳል፤ የኋላው መስመር ለመተኮስ ሳይዘጋጅ ግን የፊተኛው አይነሳም። የመነሻውን ሰዓት የሚወስነው አንድ ሰው ነው፤ ሬዲዮው ቢዘጋበት የመብራት ጥይት፣ እሱም ባይታይ መልእክተኛ ወታደር ያስፈልገዋል። ያልተለማመደ ጦር የሚፈርሰው እዚህ ነው፦ አጠገቡ ያለው ጓድ ሲነሳ ያየ ሁሉ ተራውን ሳይጠብቅ ይነሳል፤ መትረየሱም ከባድ ነውና መንገድ ላይ ይጣላል።

በኮሪያ ጦርነት በደቡብ ኮሪያዋ ኦሳን ከተማ አጠገብ የሆነውም ይኸው ነው። ጦርነቱ በተጀመረ በ10ኛው ቀን፣ ሰኔ 28 ቀን 1942 ዓ.ም.፣ በሌተናል ኮሎኔል ቻርልስ ስሚዝ የሚመራ 540 ያህል ሰው ያለው የአሜሪካ ጦር በዝናብ ውስጥ መንገዱን ዘግቶ ቆመ። አብዛኛው ውጊያ አይቶ አያውቅም። ቲ 34 የሚባሉ 33 የሰሜን ኮሪያ ታንኮች መጡበት። ታንክ የሚበሳ የመድፍ ጥይት የነበረው 6 ብቻ ነው፤ የታንክ ፈንጂ ጭራሽ አልነበረም። አንድ መኮንን ከ15 ሜትር ገደማ ርቀት በባዙቃ፣ ማለትም በትከሻ በሚተኮስ ፀረ ታንክ መሣሪያ፣ 22 ሮኬት በታንኮቹ ጀርባ ላይ ተኮሰ፤ አንዱም አላቆማቸውም። ታንኮቹ በመስመሩ መሃል ሰንጥቀው ሲያልፉ ከመድፈኞቹ ጋር የሚያገናኘውን የስልክ ሽቦ ቆራረጡት። ከዚያ በኋላ እግረኛው መድፍ አልነበረውም ማለት ይቻላል። ከቀትር በኋላ፣ ገና በቀን ብርሃን፣ ተኩስ እየወረደበት ለቀቀ፤ ቁስለኞችና መሣሪያዎች ወደ ኋላ ቀሩ። ይህን አይቶ ወታደሩን ፈሪ ማለት ግፍ ነው። ጉድለቱ ፈንጂ፣ ጥይትና ተለዋጭ መገናኛ ሳይሰጡ በላኩት ላይ ነው።

እንዲያም ሆኖ ጠላቱ ሰባት ሰዓት ያህል ተያዘ። የስሚዝ ጦር የወጣበት ዋናው 24ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ከዚያ በኋላ መስመር በመስመር እያፈገፈገ፣ ብዙ ሰው እየከፈለ፣ እስከ ሐምሌ 13 ዴጆን ከተማ ላይ ቆየ። በዚያ መሃል ሌሎች ሁለት ክፍለ ጦሮች ከባሕር ወረዱ፤ ቡሳን ወደብም ሳይያዝ ቀረ። የእኛው ቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ከመርከብ የወረደው በዚያ ወደብ ነው።