ከኮምፒውተር ጋር የመጣ ዊንዶውስ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ይዛወራል?

ዊንዶውስ የገዛ ሰው የሚያገኘው የሶፍትዌሩን ባለቤትነት ሳይሆን በተወሰነ ሁኔታ የመጠቀም ፈቃድ ነው፤ ግራ የሚያጋባውም ይህ ፈቃድ ከአንድ ዓይነት በላይ መሆኑ ነው። አምራቹ ጭኖት ከአዲስ ኮምፒውተር ጋር የሚመጣው ፈቃድ ከዚያው መሣሪያ ጋር የታሰረ ስለሆነ፣ በውሉ መሠረት መሣሪያው ቢበላሽ እንኳ ወደ ሌላ አይዛወርም፤ መሣሪያው ሲሸጥ ግን አብሮት ለገዢው ይተላለፋል። ለብቻው የተገዛው ከቀድሞው ኮምፒውተር እስከተወገደ ድረስ ይዛወራል። ሁለቱም ላይ በአንድ ጊዜ መጠቀም ግን፣ ዋጋው በሕጋዊ መንገድ የተከፈለ ቢሆንም፣ ውሉን መጣስ ነው። ማይክሮሶፍት በ2009 እ.ኤ.አ. ለዊንዶውስ 7 ሦስት የቤት ኮምፒውተሮችን የሚሸፍን የቤተሰብ ጥቅል አቅርቦ ነበር፤ በእኔ አስተያየት፣ ብዙ ኮምፒውተር ላለው ቤተሰብ ከዚያ የተሻለ ፍትሐዊ አሻሻጥ የለም።