«ከኮሌስትሮል ነጻ» የሚለው ጽሑፍ ምን ይነግረናል?

በየጾሙ የሚነሳው ጥያቄ ይኸው ነው፦ «ሥጋና ቅቤ ሳልበላ ኮሌስትሮሌ እንዴት ከፍ ይላል?»

በምግብ ውስጥ ኮሌስትሮል የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው። ስለዚህ በዘይት ጀሪካን ላይ «ከኮሌስትሮል ነጻ» ተብሎ ቢጻፍ ውሸት አይደለም፤ ግን ማንኛውም የአትክልት ዘይት እንዲሁ ስለሆነ ለመምረጥ አይረዳም። በደማችን ያለውን አብዛኛውን ኮሌስትሮል የሚሠራው የራሳችን አካል፣ በተለይም ጉበት ነው። መጥፎ የሚባለውን የኮሌስትሮል ዓይነት፣ ኤልዲኤልን፣ በዋናነት ከፍ የሚያደርገው ምግብ ደግሞ ሐኪሞች ሳቹሬትድ የሚሉት፣ ሲቀዘቅዝ የሚረጋው ቅባት ነው።

ሽሮ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ የፓልም ዘይት ስንጨምር 7 ግራም ገደማ የሚረጋ ቅባት ጨመርን ማለት ነው፤ የሱፍ ዘይት ቢሆን ከ2 ግራም አይበልጥም ነበር። በአዲስ አበባ ብርዳማ ጠዋት ጀሪካኑ ውስጥ ነጭ ሆኖ የሚረጋው የትኛው እንደሆነ ወጥ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል።

ሥጋና ቅቤ መተው በአማካይ ኤልዲኤልን ዝቅ ያደርጋል፤ ምስርና ባቄላም ያግዛሉ። ይህ የተረጋገጠ ነው። ምን ያህል ዝቅ እንደሚል ግን እንደ ሰውየው ይለያያል። ችግሩ በዘር የመጣበት ሰው በምግብ ብቻ ላይስተካከልለት ስለሚችል፣ «ጾም ገብቷል» ብሎ የታዘዘለትን መድኃኒት ማቋረጥ የለበትም።