ልትል ዊች አካዳሚያ፦ የመዝጊያ ክፍሎቹ

ልትል ዊች አካዳሚያ የጃፓኑ ስቱዲዮ ትሪገር የሠራው የአኒሜ (የጃፓን ካርቱን) ተከታታይ ነው። 25 ክፍሎች አሉት። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 9 እስከ ጁን 26 ቀን 2017 በጃፓን ቴሌቪዥን ታይቷል። ዳይሬክተሩ ዮ ዮሺናሪ ናቸው። ይህ ጽሑፍ በዋናነት የሚያወራው ስለ መጨረሻዎቹ አምስት ክፍሎች ነው። ተከታታዩን አይታችሁ ያልጨረሳችሁ ካላችሁ፣ ፍጻሜውን እዚህ ስለምታገኙት መጀመሪያ ሄዳችሁ እዩት።

አስቀድሞ ስለ አንድ ቃል። እኛ ዘንድ «ጠንቋይ» ሲባል ወደ አእምሮ የሚመጣው ሰው የሚፈራውና በድብቅ የሚሄድበት ቤት ነው። የዚህ ታሪክ ልጆች ግን ደብተር ይዘው ክፍል የሚገቡ፣ ፈተና የሚወድቁ ተማሪዎች ናቸው። ስለዚህ እዚህ «አስማተኛ» የሚለውን መርጫለሁ። እሱም ቢሆን ልክክ አይልም፤ ግን ይቀርባል።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። አትሱኮ ካጋሪ፣ በቁልምጫ አኮ፣ ከአስማተኛ ቤተሰብ ያልተወለደች ጃፓናዊት ልጅ ናት። በልጅነቷ ሻይኒ ሻሪዮ የምትባል አስማተኛ መድረክ ላይ ስታሳይ አየች። ያን ቀን ልቧ ተሰረቀ። አድጋ ሉና ኖቫ የተባለ የአስማት ትምህርት ቤት ገባች። ችግሩ፣ መጥረጊያ ላይ ተቀምጦ መብረር እንኳ አልሆነላትም። ሌሎቹ ከጣሪያ በላይ ሲወጡ እሷ መሬት ላይ ትዘላለች። በአጋጣሚ ግን የሻሪዮ የነበረችው ሻይኒ ሮድ የተባለች በትር እጇ ገባች። በትሯ ሰባት ጥንታዊ ቃላት ሲነቁ ግራንድ ትሪስኬሊዮን የተባለውን፣ ዓለምን ይለውጣል የተባለለትን አስማት ማኅተም ትፈታለች። የተከታታዩ ሁለተኛ አጋማሽ እነዚህን ቃላት የመፈለግ ጉዞ ነው።

ወደ መዝጊያው የሚያስገባን በር 21ኛው ክፍል ነው። ዋጋንዴያ የምትባል ዛፍ አለች፤ ብናኟ የነካው አስማተኛ ዳግመኛ መብረር አይችልም። የአኮ መምህርት አርሱላ ካሊስቲስ ልጅቷን በሰውነቷ ሸፍና ብናኙን ራሷ ተቀበለች። መብረሯን አጣች። ለአኮም ምንም አልነገረቻትም።

22ኛው ክፍል የተከታታዩ እምብርት ነው ብል አላጋነንኩም። ክሮዋ የተባለችው ዘመናዊ መምህርት፣ አስማትን ከቴክኖሎጂ ጋር ያጣመረችው፣ የሰዎችን ቁጣ እየሰበሰበች ነዳጅ ታደርገዋለች። ቁጣው ከየት ይመጣል? ከኳስ ጨዋታ። በሁለት አገሮች ግጥሚያ የተነሳ ጭቅጭቅ ወደ ጎዳና ይወጣል፣ ከዚያ ወደ ፖለቲካ ይገባል። ኳስ ተከትሎ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በዚያው ክፍል ክሮዋ ለአኮ ሁለት ነገር ትነግራታለች። አንደኛው፣ መምህርቷ አርሱላ ራሷ ሻሪዮ መሆኗን። ሁለተኛው ይከብዳል። ሻሪዮ በዚያ ዘመን ትርኢቷን ለማድመቅ ድሪም ፉዬል ስፒሪት የተባለ አስማት ትጠቀም ነበር፤ የሰጠቻትም ጓደኛዋ ክሮዋ ናት። ያ አስማት የሚሠራው ከተመልካች ኃይል እየቀዳ ነው። አዳራሹ ውስጥ አፋቸውን ከፍተው ሲያዩ የነበሩ ሕፃናት የመብረር አቅማቸውን እዚያው ጥለው ወጡ። አኮም አንዷ ነበረች። እንግዲህ አስቡት፤ ሕልሟን የሰጠቻትና ለሕልሟ የሚያስፈልገውን ኃይል የወሰደባት ሴት አንድ ናት።

ሻሪዮ ተጠያቂ ናት ወይስ አይደለችም የሚለው በተመልካቾች መካከል ዛሬም ያከራክራል። ስትጀምር ጉዳቱን አታውቅም ነበር፤ ይህ በታሪኩ ውስጥ ግልጽ ነው። ሌሎች ግን እውነቱን ከአኮ መደበቋን ዝም ብለው አያልፉትም። እኔ ለሻሪዮ አዝናለሁ። ተመልካች ሁልጊዜ ከትናንቱ የሚበልጥ ነገር ይፈልጋል። እሷም ያን ፍላጎት ስታሳድድ ደክማ፣ በመጨረሻ ትርኢቷ ሻይኒ አርክ የተባለውን ምት ተኩሳ በጨረቃ ላይ ጠባሳ ተወች። ከዚያ በኋላ ከመድረክ ጠፋች። የክሮዋን ምክንያት በተመለከተ፣ ታሪኩ በቅናት ያስረዳዋል፤ በትሯ የመረጠችው እሷን ሳይሆን ሻሪዮን ነበርና።

23ኛው ክፍል ጸጥ ያለ ነው። አኮ ትምህርት ቤቱን ትታ በበረዶ ውስጥ ብቻዋን ትንከራተታለች። ፈልጋ የምታገኛት የትምህርት ቤቱ ጎበዝ ተማሪ ዳያና ካቨንዲሽ ናት። እስከዚያ ድረስ ዳያናን የምናውቃት ሁሉ ነገር ስትወለድ የተሰጣት ባለትልቅ ቤት ልጅ አድርገን ነው። እሷ ግን ያልጠበቅነውን ትናገራለች። በልጅነቷ እሷም በሻሪዮ ትርኢት ነበረች። እሷም አስማቷን አጥታ ነበር። መልሳ ያገኘችው ያለ ዕረፍት በመማር ነው። ሻሪዮንም በልቧ ስትወዳት ኖራለች። ሁለት የሚፎካከሩ ልጆች ከአንድ ቁስል የመጡ መሆናቸውን የሚያውቁበት ይህ ትዕይንት ያለ ፍልሚያ፣ ያለ ጩኸት ያልፋል። ከ25ቱ ክፍሎች አንድ ብቻ አሳዩ ብባል የማሳየው ይህን ነው።

24ኛው ውጊያ ነው። ክሮዋ ኖዋር ሮድ በተባለች ሰው ሠራሽ በትር ማኅተሙን በግድ ትከፍታለች፤ የጠበቀችውን ኃይል ግን አታገኝም። ከቁጣ የሰበሰበችው ነዳጅ ዘንዶ ሆኖ በራሷ ላይ ይነሳል። ሻሪዮ የድሮ ጓደኛዋን ለማዳን ትገባለች። አኮና ዳያናም ይደርሳሉ። አኮ ለሻሪዮ የምትለው ወቀሳ አይደለም፤ አስማትን የወደድኩት በአንቺ ነው ትላታለች። ይቅርታው ቶሎ መጣ የሚሉ አሉ። እኔ ግን ይቅርታው የተዘጋጀው ቀድሞ በበረዶው ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ።

በ25ኛው ክፍል የዚያ ክፉ ኃይል ቅሪት ወደ ሚሳይል ይገባል። ሚሳይሉ ወደ ሌላው አገር ይበራል፤ ከደረሰ ጦርነት ነው። ዘጠኙ ልጆች፣ አኮ፣ ዳያና፣ ሎቴ፣ ሱሲ፣ አማንዳ፣ ኮንስታንዜ፣ ያስሚንካ፣ ሃናና ባርባራ፣ ይከተሉታል። ዘጠኝ የሆኑት በአጋጣሚ አይደለም፤ ሉና ኖቫን የመሠረቱት ጥንታውያን አስማተኞች ዘጠኝ ነበሩ። ሎቴና ሱሲ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የአኮ የመኝታ ክፍል ተጋሪዎች ናቸው። ሃናና ባርባራ ደግሞ የዳያና ጓደኞች ሆነው አኮን ሲያሾፉባት የነበሩ። ፍጻሜው እነሱንም አልረሳቸውም።

በመጨረሻ ከደመና በላይ የሚቀሩት አኮና ዳያና ናቸው። ታች ያለው ሕዝብ በቴሌቪዥንና በስልክ ያያቸዋል። አስማት ያለፈበት ነገር ነው ሲል የነበረው ሰው ማበረታታት ይጀምራል። ያ እምነት ለሁለቱ ኃይል ይሆናል። ሻይኒ አርክ እንደገና ይተኮሳል፤ አንድ ጊዜ ጨረቃን ያቆሰለው ምት አሁን ጦርነት ያስቀራል። ይህን መመለስ ያሰበው ሰው ሥራውን ያውቃል።

ሚሳይሉ ከየት መጣ፣ ታሪኩ ስለ አንዲት ተማሪ አልነበረም ወይ የሚል ትችት አለ። ምናልባት ትንሽ ተቻኩሏል። ሆኖም አስማት በተመልካች ልብ ላይ የሚቆም ነገር ከሆነ፣ ብዙ ሕዝብ የሚያየው ፍጻሜ ያስፈልገው ነበር።

ይህ ነጥብ ከአሠራሩም ታሪክ ጋር ይገናኛል። ትሪገር እ.ኤ.አ. በ2011 ጋይናክስ ከተባለ ሌላ የአኒሜ ስቱዲዮ በወጡ ሰዎች፣ በሂሮዩኪ ኢማኢሺና በማሳሂኮ ኦትሱካ፣ የተቋቋመ ነው። የመጀመሪያው ልትል ዊች አካዳሚያ በ2013 አኒሜ ሚራይ በተባለ የወጣት ሠዓሊዎች ማሠልጠኛ ፕሮጀክት የተሠራ አጭር ፊልም ነበር። ርዝመቱ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ዩቲዩብ ላይ ሲወጣ የውጭ አገር ተመልካች ወደደው። ስቱዲዮው በዚያው ዓመት ሕዝብ ለሥራ ገንዘብ በሚያዋጣበት ድረ ገጽ በኪክስታርተር 150,000 ዶላር ጠየቀ፤ ከ625,000 በላይ ተሰበሰበለት። ከዚያ ሁለተኛው ፊልም በ2015 ወጣ፣ ቀጥሎም ተከታታዩ መጣ። በየአገሩ ያለ የማይተዋወቅ ሰው ከኪሱ አዋጥቶ ያሳደገው ሥራ፣ በየአገሩ ያለ ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ ሁለት ልጆችን በሚያበረታታበት ትዕይንት ተዘጋ። እኔ ይህን እንደ ምስጋና ነው የማየው።

የተከታታዩን ድርሰት የመሩት ሚቺሩ ሺማዳ ናቸው፤ ሥራው ካበቃ ከወራት በኋላ፣ በዚያው በ2017 አርፈዋል። ሙዚቃው የሚቺሩ ኦሺማ ነው። የመክፈቻ ዘፈኖቹን ዩሪካ፣ የመዝጊያዎቹን ዩይኮ ኦሃራ ዘፍነዋቸዋል። አኮን በድምፅ የተጫወተችው ሜጉሚ ሃን ናት። ከጃፓን ውጭ ኔትፍሊክስ የመጀመሪያዎቹን 13 ክፍሎች በጁን 2017 መጨረሻ፣ የቀሩትን 12 በኦገስት አውጥቷል። ስለዚህ አብዛኛው የውጭ ተመልካች መዝጊያዎቹን ክፍሎች በየሳምንቱ ሳይጠብቅ ባንድ ትንፋሽ ነው ያያቸው።

ከዚያ ሁሉ በኋላ ክሮዋ ሉና ኖቫን ትለቃለች፤ ሻሪዮን ከዋጋንዴያ እርግማን የሚፈውስ መድኃኒት ፍለጋ። አኮም መጥረጊያዋን ይዛ ወደ ልምምድ ትመለሳለች። ሚሳይል ያቆመችው ልጅ አሁንም ብቻዋን መብረር አልቻለችም። ጓደኞቿና ሻሪዮ ያዩዋታል። የመብረሪያውን የአስማት ቃል፣ ቲያ ፍሬይሬ፣ ብላ ትዘላለች። እግሯ ከመሬት ይለቃል፤ ትንሽ ብቻ፣ ግን በራሷ።