የቀዳማይ ልጅነት መምህራን አሠልጣኞችና የዲጂታል ቴክኖሎጂ አጠቃቀም

በኢትዮጵያ የፊደል መጀመሪያ ለብዙ ዘመን የቄስ ትምህርት ቤትና መድረሳ ነበር። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለአጸደ ሕፃናት ቦታ ከሰጠና በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች የጋራ የፖሊሲ ማዕቀፍ ካወጡ በኋላ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከአንደኛ ክፍል በፊት የሚሰጠው «ኦ ክፍል» ተስፋፋ፤ የመምህራኑም ፍላጎት አብሮ አደገ። የእነዚህን መምህራን ዲፕሎማ በዋናነት የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች ሲሰጡ፣ እንደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተቋማት በከፍተኛው እርከን ያሠለጥናሉ።

አሠልጣኞቹ የሚይዙት መሣሪያ ከሌላው የትምህርት ክፍል አይለይም፤ ላፕቶፕ፣ ፕሮጀክተር፣ በፓወርፖይንት የተዘጋጀ ገለጻና በሶፍት ኮፒ የሚታደል ሞጁል ነው። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ሲወሰን ሙድል የተባለው የትምህርት ማስተዳደሪያ ሥርዓት ትኩረት አገኘ፤ በዕለት ተዕለት ሥራ ግን ቴሌግራምን የሚተካው አልተገኘም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ በደካማ ኔትወርክም ይሠራል፣ ካርድ ሞልቶ አንዱ ያወረደውን ፋይል ሌላው ያለ ኢንተርኔት ፋይል በሚያስተላልፈው የዜንደር መተግበሪያ ወይም በፍላሽ ይቀበለዋል።

ይህ ሙያ ከሌሎቹ የሚለይበት ነገር የሚታየው ወደ ቪዲዮ ሲመጣ ነው። ዕጩ መምህርቷ በተግባር ልምምድ ላይ ሳለች የአምስት ዓመት ሕፃን የጠርሙስ ቆርኪ ሲቆጥር በስልኳ ትቀርጻለች እንበል። ሕፃኑ «አራት» ብሎ ሁለት ቆርኪ በአንድ ጊዜ ያነሣል። አሠልጣኙ ምስሉን እዚያው ላይ አቁሞ፣ ስሕተቱ ከቁጥር ስም ነው ወይስ አንዱን ቆርኪ ከአንድ ቁጥር ጋር ካለማዛመድ፣ መምህርቷስ ለማረም አልቸኮለችም ወይ እያለ ክፍሉን ያወያያል። ከሃምሳ ገጽ ሞጁል ይልቅ ይህች የአንድ ደቂቃ ቅጂ ታስተምራለች ማለት ማጋነን አይመስልም፤ አዳራሽ ውስጥ የማይገባውን ሕፃን አዳራሽ ታስገባዋለችና።

በአንጻሩ መሣሪያውን በቀጥታ ለሕፃኑ መስጠት ሌላ ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያሉ ልጆች በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ስክሪን ፊት እንዳይቀመጡ፣ ከዚያም ቢቀንስ የተሻለ እንደሆነ መክሯል። ስለዚህ አሠልጣኙ ቴክኖሎጂን ለራሱና ለአዋቂ ተማሪዎቹ እየተጠቀመ፣ ሕፃናቱ ግን በአሸዋ፣ በጭቃ፣ በተረትና በመዝሙር እንዲማሩ ያሠለጥናል። የዩኔስኮ የመምህራን የአይሲቲ ብቃት ማዕቀፍ 18 ብቃቶችን በሦስት ደረጃ ቢዘረዝርም ለመምህራን በጥቅሉ የተጻፈ በመሆኑ፣ ይህን የሁለት ወገን ሚዛን መጠበቅ የአሠልጣኙ የራሱ ሥራ ሆኖ ይቀራል።

በልማድ የሚታለፈው የወላጅ ፈቃድ ነው። የሕፃኑ ፊት የሚታይበት ቅጂ ብዙ ተማሪዎች ባሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ከተለቀቀና ወደ ሌላ ስልክ ከተላለፈ በኋላ አሠልጣኙ ከግሩፑ ቢያጠፋውም ከየስልኩ ሊሰበስበው አይችልም፤ በመሆኑም ጠንቃቃ አሠልጣኞች ቅጂውን በራሳቸው ላፕቶፕ ብቻ ያሳያሉ፣ አለዚያም ቀረጻው በልጁ እጅና በቆርኪዎቹ ላይ ብቻ እንዲያተኩር አስቀድመው ያስጠነቅቃሉ።