በአእምሮ ጤና ሙከራ «ዒላማ መምታት» ምንድን ነው?

ለድባቴ የተሠራ አዲስ መድኃኒት በ200 ሰዎች ላይ ተሞከረ እንበል። ግማሾቹ መድኃኒቱን፣ ግማሾቹ ፕላሴቦ (መድኃኒት የሚመስል ግን መድኃኒት የሌለበት ክኒን) ወሰዱ። መጨረሻ ላይ ሲታይ በሁለቱ መካከል ልዩነት የለም። እንግዲህ ምን አወቅን? መድኃኒቱ አንጎል ውስጥ የታሰበለት ቦታ ደርሶ ነው ያልረዳው? ወይስ መጠኑ አንሶ ከመጀመሪያውም አልደረሰም? ያ ሁሉ ገንዘብ ወጥቶ፣ ያ ሁሉ ሕመምተኛ ደክሞ፣ መልሱ «እንጃ» ነው።

የአሜሪካው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2014፣ በቶማስ ኢንሴል አመራር ዘመን፣ ይህን «እንጃ» ለመቀነስ ደንቡን ቀየረ። ከዚያ ወዲህ ለክሊኒካል ሙከራ ገንዘብ የሚጠይቅ ተመራማሪ ሕክምናው ያሽላል ብሎ ማመልከቱ አልበቃም። በምን በኩል እንደሚያሽል ቀድሞ መናገርና ያንን መለካት ነበረበት። ሕክምናው ይለውጠዋል የተባለው ነገር ዒላማ ይባላል። በእርግጥ መለወጡ በልኬት ሲታይ ደግሞ ዒላማው ተመታ ይባላል።

ዒላማ የግድ የአንጎል ኬሚስትሪ አይደለም። በንግግር ሕክምና ጥናት፣ ሰውየው አስፈሪ ነገር ላይ ዓይኑን የመትከል ልማዱ ዒላማ ሊሆን ይችላል። የአገልግሎት አሰጣጥ ጥናት ከሆነም የሐኪሙ አሠራር ሊሆን ይችላል። ዒላማ ሊሆን የማይችለው ሕመሙ ራሱ ነው። «ዒላማዬ ድባቴ ነው» ብሎ የጻፈ ሰው ጥያቄውን መልሶ ጻፈው እንጂ አልመለሰውም።

ለአዳዲስ ሕክምናዎች ከተዘጋጁት የድጋፍ ዓይነቶች አንዱ በሁለት ምዕራፍ የተከፈለ ነው፤ የመጀመሪያው አር 61፣ ሁለተኛው አር 33 ይባላል። በመጀመሪያው የሚጠየቀው ዒላማው ይመታል ወይ፣ በየትኛው መጠን የሚል ብቻ ነው። በሁለተኛው ውጤቱ ይደገማል፤ ዒላማው የተለወጠለት ሰው ሕመሙም ቀለል ይልለት እንደሆነ ይታያል። በሁለቱ መካከል በር አለ። ይከፈት ወይስ ይዘጋ የሚለውን የሚወስነው መስፈርት ማመልከቻው ውስጥ አስቀድሞ ይጻፋል።

በእኔ ግምት ማመልከቻ የሚጠነክረውም የሚላላውም እዚህ ላይ ነው። «ለውጥ ካየን እንቀጥላለን» ማለት መስፈርት አይደለም። ምን ያህል ለውጥ፣ በምን መሣሪያ ተለክቶ፣ ከፕላሴቦ ጋር ሲነጻጸር ስንት? ቁጥሩን መጻፍ ያስፈራል፤ ካልደረስክበት የራስህ ጽሑፍ በሩን ይዘጋብሃልና። ገምጋሚው ግን ማየት የሚፈልገው ያንኑ ድፍረት ነው።

የገንዘብ ጥያቄዎን ከመጻፍዎ በፊት የተቋሙን የፕሮግራም ኃላፊ ማነጋገር ደግሞ ወጉ ነው። በአንድ ዓመት ቀጥተኛ ወጪው 500,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሆነ ጥያቄማ ቅድመ ስምምነት ግዴታ ሆኖ ቆይቷል።

ዒላማ ሲመታ ምን እንደሚመስል ለማየት በዚሁ ተቋም ገንዘብ ተሠርቶ በ2020 የታተመ አንድ ሙከራ አለ። ምንም ነገር ደስ አላሰኛቸው ያለ 89 ሰዎች ለ8 ሳምንታት፣ ግማሽ ያህሉ ካፓ ኦፒዮይድ የሚባለውን ተቀባይ (በአንጎል ሴሎች ላይ ያለ ኬሚካላዊ መልእክት የሚቀበል ቦታ) የሚዘጋ መድኃኒት፣ የቀሩት ፕላሴቦ ወሰዱ። ዋናው ጥያቄ «ደስታችሁ ተመለሰ ወይ?» አልነበረም። ኤምአርአይ (የአንጎልን ሥራ በምስል የሚያሳይ ማሽን) ውስጥ ተኝተው ገንዘብ የሚያስገኝ ጨዋታ ሲጫወቱ፣ ሽልማት ሲጠበቅ የሚነቃው የአንጎል ክፍል (ቬንትራል ስትራያተም) ይበልጥ ነቃ ወይ የሚል ነበር። ከፕላሴቦው ይልቅ ነቃ። ዒላማው ተመታ።

መምታትና መጣል ግን ይለያያሉ። ይኸው መድኃኒት፣ አቲካፕራንት፣ በአንድ ትልቅ የመድኃኒት ኩባንያ እጅ እስከ ሦስተኛው የመድኃኒት ሙከራ ደረጃ (ከመፈቀዱ በፊት በብዙ ሕመምተኞች ላይ እስከሚደረገው ትልቅ ሙከራ) ድረስ ተጓዘ፤ በ2025 ለድባቴ የሚሰጠው ጥቅም በቂ ሆኖ ስላልተገኘ ያ ሙከራ ተቋረጠ። ልዩነቱ፣ በዚህኛው ውድቀት «ምናልባት አንጎል አልደረሰም ይሆናል» የሚለው ሰበብ ቀድሞ ተዘግቶ ነበር።